ቁጥር ሁለት ጠርሙስ

አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሶሊያና ሳህሌ
ቪየና

ሶሊዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ያ የሰው አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከዚህ ክፉ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥምቀትንም በሰላም ዋልን።

በየሁለት ቀኑ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። ሳቂብኝ፣ ግድ የለም። ስልኩ ላይ ፊትሽን አያለሁ፤ ፊትሽን ካየሁ ደግሞ እዋሻለሁ። አምስት ወር ሙሉ ዋሽቼሻለሁና ልምዱ አለኝ። ስለዚህ ይህችን ወረቀት ከጠርሙሱ ጋር ሳጥኑ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ያ ከዩኒቨርሲቲው እየመጣ ሳጥኑን የሚወስድልሽ ጨዋ ልጅ፣ ወልደየሱስ፣ ሐሙስ እመጣለሁ ብሎኛል።

መጀመሪያ ጠርሙሱን ተመልከቺ። በዚህ ወር ሁለት ሳይሆን አንድ ብቻ ነው። ላዩ ላይ "ቁጥር ሁለት፣ የግቢ ጉድጓድ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ክዳኑን አጥብቄ በላዩ ፕላስተር አዙሬበታለሁ። አንቺ እንደሆንሽ ለክዳን ደንታ የለሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ የድስቱንም የጀሪካኑንም የቅባቱንም ክዳን ክፍት ትቶ መሄድ ነው። ስንት ጊዜ ጮኼብሻለሁ? "ለአንድ ክዳን ይሄ ሁሉ?" ትይኝ ነበር። አዎ፣ ለአንድ ክዳን።

እንግዲህ ጨክኜ ልንገርሽ። ክረምት መጥተሽ ለመመረቂያሽ የውሃ አቀዳዱን አሳይተሽኝ ከሄድሽ ወዲህ በየወሩ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ልኬልሻለሁ። ቁጥር አንድ ከፋብሪካው አጥር ሥር ካለው፣ የፋብሪካው ጥልቅ ጉድጓድ ከሚሞላው ቦኖ፣ ቁጥር ሁለት ከጓሯችን ጉድጓድ ነበር ውላችን። ቁጥር አንዱ እውነት ነው። ቁጥር ሁለቱ ግን አምስቱንም ወር የቦኖ ውሃ ነው። የጓሮውን ጉድጓድ አልከፈትኩትም። እዚያው ቦኖ ጋ ሁለቱንም ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ እንዳስተማርሽኝ ሦስት ሦስት ጊዜ አለቅልቄ፣ አየር ሳላስገባ እስከ አፉ ሞልቼ፣ በሁለተኛው ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ "የግቢ ጉድጓድ" እያልኩ እጽፍ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ክር ስመረምር የኖርኩ ሴትዮ ነኝ፤ ሥራዬ ንጹህ ነው፣ ውሸቴም ንጹህ ነበር። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ጠፍቷል፣ ሰው ጠርቼ አስከፍተዋለሁ ያልኩሽም ሐሰት ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር፣ ከማተቤ ጋር። የሳጥን ቁልፍ ነው ያልኩሽ እሱ ነው።

ለምን ትይኛለሽ። ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ።

ወንድም ነበረሽ። ዘአማኑኤል ይባላል። አንቺ ከመወለድሽ አራት ዓመት በፊት ነው። እሱ ራሱ ያኔ አራት ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር፤ ስጠራው "አቤት እማ" ሳይል የማይመጣ፣ ራሱን ቅቤ ቀብቼው ዝናብ ላይ ወጥቶ የሚቆም ልጅ። ነሐሴ 1982፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ ያ ጉድጓድ ወሰደው። አባትሽ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ተኝቷል። እኔ ልብስ ላጥብ ብዬ ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዳሁ ሳለ የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ። ፈረቃዬ ነው፣ ነጠላዬን ይዤ ሮጥኩ። የጉድጓዱ ክዳን ክፍት ነበር። የቀረውን አልጽፈውም።

የእሳት አደጋ ሰዎች ሦስት ቀን ፈለጉት። ጠላቂው ወጥቶ ለአባትሽ ሲነግረው ሰምቻለሁ፤ ከሥር ጥቁሩ ድንጋይ ተሰንጥቋል፣ ውሃው ወደ ደቡብ የሚሄድበት አፍ አለው፣ ከዚያ ወዲያ እጄ አልደረሰም አለው። ስለዚህ ወንድምሽ መቃብር የለውም። አባትሽ በወሩ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፍኖ፣ መሃሉ ላይ የብረት ክዳን አድርጎ ቆለፈው። ፎቶዎቹን የት እንዳደረሳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስሙ እዚህ ቤት እንዳይነሳ አለ። የሚያውቁት ጎረቤቶችም ገሚሱ ሞተ፣ የቀረው ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሄደ። አንቺ ስታድጊ የሚነግርሽ ሰው አልነበረም። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ "ክዳኑን ረስቼ ተኝቼ ነው" እያለ ራሱን ሲበላ ኖረ። እኔም ዝም አልኩ።

በአርባው ቀን የማለቅስበት መቃብር ስላልነበረኝ ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ደቡብ ሄድኩ። ዝም ብዬ ቁልቁል መሄድ ነው። ቦኖው ጋ ደረስኩና ከፈትኩት፤ ውሃው ለብ አለኝ፣ እንደ ሰው እጅ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጠጣው ውሃ እሱ ነው። ቧንቧ ግቢያችን ከገባ በኋላ "አሁንስ ምን ልሁን ብለሽ ነው ቦኖ የምትሄጂው?" እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ይጣፍጠኛል እልሽ ነበር። አንቺንም በእሱ ነው ያሳደግኩሽ።

ክረምት መጥተሽ በሲሚንቶው ስንጥቅ ላይ የክር ቁራጭ ያስቀመጥሽውን አስታውሺ። ጠዋት ክሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ይነሳል። ጉድጓዱ ይተነፍሳል እኮ ብለሽ ሳቅሽ፤ ከዚያም የአየር ግፊት መሆኑን፣ የእኛ አገር ድንጋይ ውስጡ ዋሻ ዋሻ ስለሆነ አየር እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ አስረዳሽኝ። ገብቶኛል ልጄ። ግን አንቺ ያንን ክር ያየሽው ለአንድ ሳምንት ነው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሳዳምጠው ኖሬያለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ላይ ያፏጫል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ደግሞ ይረዝማል፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሕፃን። አባትሽ ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርገው ለዚያ ነበር።

ከዚያ ኅዳር ላይ ደወልሽልኝ። ዝናብ ሲወርድ ትሪቲየም የሚባል ነገር ይዞ እንደሚወርድ፣ መሬት ከገባ በኋላ በዓመቱ ልክ እያነሰ እንደሚሄድ፣ በእሱ የውሃ ዕድሜ እንደሚቆጠር ስትነግሪኝ ምስር እየለቀምኩ በግማሽ ልቤ ነበር የምሰማሽ። "እማ፣ የቦኖሽ ውሃ እኮ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው" አልሽኝ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ። መስታወቱ የተሰነጠቀው ያኔ ነው፣ ድመቷ ጥላው አይደለም። ይህችን ቁጥር ማን ነገራት? አባቷ እስኪሞት አልተናገረ፣ እኔ አልተናገርኩ። ውሃው ራሱ ነገራት አልኩ።

ሌት ተቀን ማሰብ ጀመርኩ። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ ዛሬ ከቦኖው የሚወጣው ሠላሳ አራት ዓመት በመንገድ ላይ የነበረ ውሃ ነው። እንግዲያማ እስከ ዛሬ ስጠጣው የኖርኩት ከእሱ በፊት የዘነበውን ነው። እሱ ገና አሁን እየደረሰ ነው። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ቦኖውን ስከፍት መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ ውሃ ባዶ እጄን ዘርግቼ እቀበለዋለሁ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሴትዮዋ ጃጅታለች ይሉኛል፤ ይበሉ።

ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ምሥራች ይዘሽ ደወልሽ። ሁለቱ ጠርሙሶች ጨዋቸውም፣ ያ አይሶቶፕ የምትይው የውሃ ምልክታቸውም አንድ ነው፣ ከጓሯችን ሥር ያለው ውሃና የቦኖው ውሃ አንድ ወንዝ ነው፣ ጉድጓዳችን ንጹህ ነው፣ ፕሮፌሰሬ ማመን አቃተው አልሽኝ። ሁለቱንም ከአንድ ቦኖ የሞላሁት እኔ ነኝ። አውቃለሁ። እያወቅኩ ግን ደስ አለኝ። ሶሊዬ፣ ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳሽ? የራሴን ውሸት በአንቺ አፍ ስሰማው እውነት መሰለኝ። መንገድ አለው፣ ልጄ ቦኖ ድረስ ይመጣል ብዬ ያን ቀን ለብቻዬ እልል አልኩ። ውሸቱ የእኔ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትቀበይም ነበር።

ሳፊያን ታውቂያታለሽ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው የሙህሲን ሚስት፣ በሱቃቸው ስትገቢ ብስኩት የምትመርቅልሽ የስልጤ ልጅ። ነሐሴ ላይ መርዋን ወለደች፤ ጡቷ አልበቃ አላትና የጣሳ ወተት ጀመረችላት። ቧንቧው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። በግቢያቸው ጉድጓድ አላቸው፣ ከእኛው አሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለልብስ ብቻ ነበር የሚጠቀሙበት። ያ ወሬሽ ሲመጣ እኔ አፌ አላርፍ ብሎ ጉድጓዳችን ንጹህ ነው አልኳቸው። ሙህሲን ወረቀት የሚያምን ሰው ነው፤ በቴሌግራም የላክሽልኝን ሠንጠረዥ ሳሳየው ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ወደ ስልኩ አስላከው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳፊያ የመርዋን ጡጦ በጉድጓዱ ውሃ ትበጠብጥ ጀመር። ደጋግማ ታፈላው ነበር፣ ጎበዝ ናት።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ጠዋት ሳፊያ ልጅቷን ታቅፋ መጣች። እማማ አሰጋሽ፣ እስኪ ይዩልኝ፣ በርዷት ነው? አለችኝ። መሀረቡን ገለጥኩት። ከንፈሯም ጥፍሮቿም ሰማያዊ ናቸው፣ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የታጠበ ክር የመሰሉ። አታለቅስም። ዝም ብላ ታየኛለች። ወንድምሽን ከውሃው በታች ሳስበው የኖርኩት ልክ በዚያ መልክ ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው ክረምት ስለ ሽንት ቤት ፍሳሽ ያልሽኝ ትዝ ያለኝ፤ ናይትሬት ያለበት ውሃ ሕፃን ደም ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ እንደሚያሳጣ፣ ቢያፈሉትም እንደሚብስ። ሩጪ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ የጉድጓድ ውሃ ነው የምትጠጣው በያቸው አልኳት።

እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በመርፌ መልሰዋታል። በአራተኛው ቀን ከንፈሯ ቀላ። ሐኪሙ ውሃ ሊሆን ይችላል አለ እንጂ አልጨረሰላቸውም። ሙህሲን ደግሞ ውሃው ተመርምሯል፣ ወረቀቱ ስልኬ ላይ አለ፣ ወተቱ ነው ብሎ ጣሳውን ቀየረ። ውሃውን ግን አልቀየረም። ይኸውልሽ እንግዲህ፣ አንድ ሕፃን በእኔ የውሸት ጠርሙስ ልትታፈን ነው።

ሁለት ቀን ፈራሁ። በሦስተኛው ከቦኖው ሁለት ጀሪካን ቀድቼ ወሰድኩላትና ለሳፊያ ነገርኳት። ጠርሙሱ ከጉድጓዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት አልኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን ከትከሻዋ ወደ ትከሻዋ አዛወረችና፦

"እማማ፣ ታዲያ ልጄ የማንን ውሃ ስትጠጣ ነበር?" አለችኝ።

አሁን እሷ ከቦኖው ነው የምትሰጣት፤ በየጠዋቱ እኔ እወስድላታለሁ። ሙህሲን ግን ሴትዮዋ አርጅታ ነው፣ ወረቀት አይዋሽም ይላል። ሳፊያ በሌለችበት ቀን ከዚያው ጉድጓድ ይበጠብጥላታል ብዬ እንቅልፍ የለኝም። እሱን የሚያቆመው ሌላ ወረቀት ብቻ ነው። ለዚህ ነው የጓሯችንን ጉድጓድ ትናንት የከፈትኩት።

ትናንት ጥር አሥራ ሁለት፣ መንደሩ በሙሉ ታቦት ሊያስገባ ወጥቷል፤ ሳፊያና ሙህሲንም ልጅቷን ይዘው ለቀጠሮ ሐኪም ቤት ሄደዋል። ቀትር ነበር። እናቴ በቀትር ውሃ አጠገብ አትቁሚ እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ሰው የሌለበትን ሰዓት ስፈልግ የተገኘው ግን እሱ ነው። ቁልፉን ከአንገቴ ፈታሁ። ጓጉንቸሩ ዝጓልና ዘይት አጠጣሁት። በዲጂኖ ክዳኑን ፈንቅዬ ወደ ጎን ገፋሁት።

ለብ ያለ አየር ፊቴን ዳሰሰኝ። የቆሻሻ ሽታ ነበር የጠበቅኩት። ዝናብ የነካው ቅቤ ነው የሸተተኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከታች ሰማዩ ክብ ሆኖ ይታያል፣ መሃሉ ላይ ራሴ። ደንግጬ ራሴን ወደ ኋላ ሳብኩ። ውሃው ላይ ያለው ራስ ግን ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሄደ። የዓይን ሞራ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ሐኪሙም ነግሮኛል፤ ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ።

ስሙን ጠራሁት። በሠላሳ አራት ዓመት አፌ አንድ ቀን አላወጣውም ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ሲጣሩ ገደል ማሚቶ ይመልሳል አይደል? ምንም አልመለሰልኝም። ድምፄ ገብቶ ቀረ።

ጣሳውን በገመድ አወረድኩ። በአሥራ ሁለት ክንድ ውሃውን ነካ። ያኔም አሥራ ሁለት ነበር። ሞልቶ እስኪከብድ ጠበቅኩ፤ ገመዱ ግን መውረዱን አላቆመም። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሄድ ጀመር፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦኖው። መዳፌን እያቃጠለኝ ሄደ። ለቀቅ አላደረግኩትም። አንድ ጊዜ ለቅቄያለሁ፣ ይበቃል አልኩ። እንዲያ ተሳስበን ስንቆይ በድንገት ቀለለኝና ጣሳውን አወጣሁት፣ እስከ ግማሹ ሞልቶ።

እንዳስተማርሽኝ አለቀለቅኩ፣ ሞላሁ፣ አየር ሳላስገባ ገጠምኩ። ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋት ሳወጣው ለብ ብሏል። መብራት ጠፍቶ አድሮ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ነበር፤ አጠገቡ ያለው ወተት ግን በረዶ ሠርቷል።

ይኸው ነው ልጄ። አምስቱን የቁጥር ሁለት ጠርሙስ ከመዝገብሽ ሰርዢያቸው። ለፕሮፌሰርሽ እናቴ አሳሳተችኝ በይው፤ ሀፍረቱ የእኔ ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። መመረቂያሽ በእኔ ምክንያት ከዘገየ ይቅር በይኝ። ይህን ውሃ ግን ከሁሉም አስቀድመሽ መርምሪው፤ ናይትሬቱን እንዳገኘሽ ሌላውን ሳትጠብቂ ለሙህሲን ላኪለት፣ ስምሽና ማኅተም ያለበት ወረቀት። የመርዋ ነገር ከመመረቂያሽም ከእኔም ይበልጣል።

ሌላውን፣ ይህ ውሃና የቦኖው ውሃ አንድ ነው አይደለም የሚለውን፣ ለእኔ አትንገሪኝ። አንድ ካልሆነ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ውሃ ስጠጣ ኖሬያለሁ ማለት ነው። አንድ ከሆነ ደግሞ ከእንግዲህ ቦኖውን በምን እጄ እከፍተዋለሁ? እኔ እንደሆነ በየጠዋቱ መሄዴ አይቀርም። አሁን የመርዋም ጀሪካን አለ።

በይ ልጄ፣ የምትጠጪው ውሃ ይስማማሽ፣ የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ። የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፣ በሰው አገር የሚያዝንልሽ ሰው አያሳጣሽ። ወንድምሽን አታውቂውምና አልቅሺለት አልልሽም፤ ስሙን አንድ ቀን ጮክ ብለሽ ጥሪልኝ እንጂ። ለአንቺ ይመልስልሽ ይሆናል።

የዘአማኑኤልና የሶሊያና እናት
አሰጋሽ

ደብዳቤውን ካጠፍኩ በኋላ ትዝ አለኝ፣ እንዳታስቢ። የጉድጓዱን ክዳን ገጥሜዋለሁ፣ ቆልፌዋለሁም። አሁን ፈረቃ የለብኝም፤ ሦስት ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ።